ስለ ጎማ ፊደልና ስለ ሸኖ መንገድ

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የጎማ ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ «የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው ወይስ ለመኪና ጎማ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። እኛ ግን አልሳቅንም። የሚገባ ጥያቄ ነው። ሰብሳቢያችንም «ገንዘቡን ያወጣችሁ እናንተ ሦስታችሁ ናችሁና እናንተው አስረዱ» ስላሉን፣ ያጠፋነውንም የተማርነውንም ልንነግራችሁ ቆመናል።

እንደሚታወቀው እድራችን የራሱ መኪና የለውም። ሩቅ አገር ለቅሶ ሲኖር ሕዝቡ በተከራየነው አውቶቡስ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድንኳኑንና ዕቃውን ለማስቀደም በአንድ አባላችን ራቭ ፎር እንሳፈራለን። ባለ መኪናው አንድም ቀን እምቢ ብሎን አያውቅም፤ የቤንዚንም አይቀበለንም። ስለዚህ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. እድሩ «ውለታውን በጥቂቱ እንመልስ፤ ጎማዎቹ አልቀዋልና ሁለቱን እንግዛለት» ብሎ ወሰነ። ግዢው ለእኛ ተሰጠ። ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል።

ባለ መኪናው ወጣት ልጅ አለው። «ይቺ መኪና ስፖርት ነገር ናት፤ ቪ የሚል ፊደል ያለበት ጎማ ግዙላት» አለን። ሻጩም «ቪ ማለት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚችል ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ። እኛም ትልቅ ቁጥር ስንሰማ ደስ አለንና ሁለት ቪ ገዛን። የት ይግጠሙ ሲባል፣ ከሦስታችን ሁለታችን በአንድ ድምፅ «ፊት ነዋ! መሪው ያለው ፊት አይደል?» አልን። የኋላዎቹን አሮጌዎች ጐንበስ ብለን አየናቸው። ጥርሳቸው ሳሳ ብሏል እንጂ ሊሾ አልሆኑም። ጎናቸው ላይ 3214 የሚል ቁጥር ታትሟል። ከመካከላችን ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ሰው ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር ሲመዘግብ የኖረ ነውና፣ «መጨረሻው 14 ነው፤ የ2014 ዓ.ም. ሥሪት ነው፤ ገና ሦስት ዓመቱ ነው» ብሎ አረጋገጠ። ሁላችንም አመንነው።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ከሸኖ አለፍ ብሎ ቀብር ነበረንና ሄድን። ስንመለስ፣ ከሸኖ ወደ አሌልቱ ስንወርድ በረዶ ጣለ። የዚያን አገር በረዶ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ሾፌራችን አልፈጠነም፤ ይህን እንመሰክራለን፤ 60 እንኳ አይሞላም። አንዲት ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ነካ ሲያደርግ የመኪናይቱ ቂጥ ከኋላችን ተነሥቶ ሊቀድመን መጣ! ፊቷ በቦታው አለ፤ ኋላዋ ግን እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ጎን ሄደ። ዞራ ዞራ ቦዩ አፋፍ ላይ ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ አጠገባችን አለፈ። የአንዳችን መነጽር ተሰበረ፤ ሌላ ጉዳት የለም። አምስት ሰው ነበርን። በማግሥቱ ለአምስት ቤት ድንኳን ይተከል ነበር።

ጎሚስታው ዘንድ ስንወስዳት ሰውየው አራቱንም ጎማ ዞሮ አየና፣ «አባቶቼ፣ ይህን ማን አደረገው?» አለ። እርስ በርሳችን ተያየን።

ያስተማረን እሱ ነው፤ ቀሪውን ደግሞ የመኪናይቱን መመሪያ መጽሐፍ የሚያነብልን ልጅ ለምነን አገኘን። ከእኛ መካከል ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ የለምና ስሕተት ብታገኙ አርሙን።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጽሕፈት ጌጥ አይደለም። በእኛዋ መኪና 225/65 አር 17 ይላል። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት እጅ እንደ ሆነ ነው፤ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ይህን ጎሚስታ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ 102 ኤች ይላል። 102 ሸክም ነው፤ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 98 ከሆነ 750 ኪሎ ነው። አምስት ሰው፣ ድንኳንና ብረት ድስት ጭነን ለምንሄድ ሰዎች ይህ ቁጥር የዋዛ አይደለም፤ ከፋብሪካው ልክ ዝቅ ያለ ጎማ «ርካሽ ነው» ቢሏችሁ እንዳትቀበሉ።

ፊደሏ ደግሞ ፍጥነት ናት። ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። (ኤች በፊደል ተራ ከኤስ በፊት ሆና ሳለ እዚህ ከቲ በላይ መቀመጧ የመዝገብ ቤት ሰው የሚያናድድ ነገር ነው።) ታዲያ የአዳማው የክፍያ መንገድ እንኳ ከ120 በላይ አይፈቅድም፤ ሾላ ገበያ በር ላይማ በአህያና በኩንታል መካከል 10 ከነዳን ትልቅ ነገር ነው። 210ም ሆነ 240 ለእኛ ምናችን ነው? ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደሏ የምትለው «በዚህ ፍጥነት ንዳ» አይደለም። ጎማው በቤተ ሙከራ፣ ነፋሱ ተስተካክሎ፣ ሸክሙን ይዞ፣ በዚያ ፍጥነት የሚነሣበትን ሙቀት ችሎ አለመፈንዳቱን ነው። ያን ሙቀት እንዲችል ደግሞ ፋብሪካው አሠራሩን ይለውጣል፤ ከብረት ሽቦው ላይ የናይሎን ክር ይጨምርበታል፣ ጎኑን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ባለ ትልቅ ፊደሉ ጎማ መሪ ሲዞር ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ባለ ትንሹ ለስለስ ብሎ ዘግየት ይላል። ኮብልስቶን ላይ ለወገብ የሚመቸው እንዲያውም ባለ ትንሹ ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ነው። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፈጣንና ዘገምተኛ በሬ አንድ ላይ ቢጠመዱ ትልሙ ይጣመማል። እኛ ፊት ያሰርነው አዲስና ጠንካራ ቪ ነው፤ ኋላ የተውነው ያረጀና የሳሳ ቲ ነው። ፊቷ አስፋልቱን ነክሶ ሲይዝ ኋላዋ ምንም የያዘው ነገር አልነበረም።

«ጥሩው ጎማ ፊት ይሁን» የሚለው ወሬ ከብዙ ሾፌር አፍ ይሰማል፤ እኛም ከዚያው ነው ያገኘነው። ነገር ግን ፊቷ ሲንሸራተት መሪው እጅህ ላይ ቀለል ይልብሃል፤ ነዳጁን ትለቃለህ፤ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። ኋላዋ ሲንሸራተት ግን ለኋላው መሪ የለህም። እስክታውቀው ድረስ ዞረሃል። ስለዚህ ሁለት ብቻ ሲገዛ አዲሶቹ ኋላ ይግቡ፤ ፊደል ከተለያየም ትልቁ ፊደል ኋላ፣ ትንሹ ፊት ይሁን፤ መኪናይቱም በትንሹ ፊደል ልክ ትቆጠር። በአንድ አክሰል ላይ ግራና ቀኝ ማለያየት ግን ከቶ አይገባም።

የዓመተ ምሕረቱን ጉዳይ ሳንናገር ብናልፍ ደስ ባለን ነበር፤ ዳሩ ግን ከሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያ 3214 የተባለው ቁጥር፣ የፊተኞቹ ሁለት አኀዞች ሳምንት ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 32ኛው ሳምንት፣ 2014 እ.ኤ.አ.፤ በእኛ የሐምሌ 2006 ማብቂያ ግድም። ሦስት ዓመቱ ነው ብለን ያተምንለት ጎማ ሸኖ ላይ ሲጥለን 11 ዓመት ሞልቶታል! የመኪናይቱ መመሪያ ጎማ 6 ዓመት ካለፈው ባይታይበትም በባለሙያ ይመርመር ይላል፤ ብዙ የጎማ ፋብሪካዎችም ከ10 ዓመት በኋላ ቢመስልም ጣሉት ይላሉ። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል። እድሜ ልኩን ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ቀን ተሳስቶ አምስት ሰው ሊገድል ነበር። ይህን ስንጽፍ አሁንም እጃችን ይንቀጠቀጣል።

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. እንደገና ልንገዛ ስንሄድ ግን ተምረን ነበር። አንድ ሱቅ ገባን፤ ስሙን አንጠራም። ጎማው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፀጉሩ እንኳ ያልረገፈ ነው። 0918 ይላል። ልጁ «አባባ፣ 18 ነው፤ የዘንድሮ ነው፤ ትኩስ ነው» አለን። እንደ ዳቦ! እኛም በጣታችን ቆጠርን፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለነው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። «ልጄ፣ ዘጠነኛው ሳምንት እኮ ገና አልደረሰም» አልነው። ልጁ ራሱ ደነገጠ፤ ሊያታልለን እንዳልሆነ ፊቱ ይናገር ነበር። ያ ጎማ የየካቲት 2010 ነው፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሾላ ላይ ቅቤ ስንገዛ ለጋውን ከበሳሉ ለይተን፣ አሽትተን፣ ቀምሰን ነው፤ ጎማ ስንገዛ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ነው። በተለይ ዘንድሮና በመጪዎቹ ዓመታት እነዚህ 18፣ 19፣ 20 የሚሉ ቁጥሮች የእኛን ዘመን እየመሰሉ ያሳስቱናልና ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ።

ስለ «አራት ወቅት ጎማ»ም የጠየቃችሁን አላችሁ። በጎኑ ላይ ኤም እና ኤስ የሚሉ ፊደሎች ያሉበት ነው፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። የፈረንጅ አገር ሰው በበጋና በክረምት ጎማ ይለዋውጣል፤ ይህኛው መካከለኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ነው። የእኛ አገር በረዶ ጥሎ የሚሄድ እንጂ ወር የሚቀመጥ ስላልሆነ እኛን የሚጠቅመን ውኃ የሚያስወጣው ቦዩ ነው። በቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሕግ ያን ቢፈቅድ እንኳ ለክረምት አይበቃም። እኛ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንለውጥ ብለናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የባለ መኪናው ልጅ አራት ቪ ይገዛ አለ። ከሦስታችን አንዱም አራቱም አንድ ዓይነት ካልሆኑ አልፈርምም ብሎ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መመሪያው የሚለው እንደ እሱ ነው። መኪናይቱ በአራቱም እግሯ የምትጎትት ስለሆነች ጎማዎቹ እኩል ካልተንከባለሉ ኃይል የሚያካፍለው ዕቃ ይቸገራል። ጥርሱ በ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ በአንድ ዙር 3 ሴንቲ ሜትር ግድም ያጥራል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ 440 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ አስሉት። ነገር ግን የእናታችን ጥያቄ ከፊታችን ነበር። የመጋቢቶቹ ቪ ጎማዎች ገና አዲስ ናቸው፤ እነሱን ጥሎ አራት መግዛት የእድርን ገንዘብ መበተን ሆኖ ታየን።

ስለዚህ ሁለቱን ቪ ወደ ኋላ ወሰድናቸው። ለፊት ልኩም ሸክሙም አንድ የሆነ፣ መመሪያው የሚጠይቀውን ኤች ፊደል የያዘ ሁለት አዲስ አራት ወቅት ጎማ ገዛን፤ 2125 ይላል፤ የግንቦት 2017 ሥራ ነው። ጎሚስታው ፊት አራቱንም በሲባጎ ዙሪያቸውን ለካን፤ ልዩነቱ ከጥፍር አይበልጥም። መኪናይቱ ባለ 210 ተብላ ትቆጠራለች፤ ለለቅሶ የሚበቃ ይመስለናል። ጉድለቱንም አንደብቅም፤ ፊትና ኋላ እንደ ሌላው መኪና እያዘዋወርን እኩል ልናስበላቸው አንችልም። ሲያልቁ አራቱም ባንድ ቀን ይለወጣሉ፤ ይህም በቃለ ጉባዔ ሠፍሯል፤ ያ እምቢ ያለው ጓደኛችንም በዚህ ቃል ፈርሟል።

ከእንግዲህ የእያንዳንዱ ጎማ ሳምንትና ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር በእድሩ መዝገብ ይጻፋል፤ ነፋሱም ለሩቅ መንገድ ከመነሣታችን በፊት ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ይለካል። መኪና ያላችሁ አባላት የራሳችሁን ይዛችሁ ብትመጡ እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ ቁጥሩን እናነብላችኋለን። መነጽሩ ተሠርቷል።

ሁለቱን የ2006 ጎማዎች ግን አልሸጥናቸውም፤ የሚገዛ ሰው መኪናው ላይ እንዳያስራቸው ፈራን። አስፋልት ላይ ድንኳን ስንተክል ካስማ አልገባ እያለ ስንቸገር ኖረን የለም? አሁን ድንጋይ ሞልተን የድንኳኑን ገመድ እናስርባቸዋለን።