ብርሃንን ለፊት መመጠን
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ጥር 10 ቀን በከተራ ዕለት በወልዲያ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ያጅባል። በዚያን ዕለት የሚነሣው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የጋቢውን ጥለት አጥርቶ ያሳያል፤ የባለጋቢው ፊት ግን ጥላ መስሎ ይቀራል። የተነሡት አባት ለከርሞ ላይገኙ ይችላሉና ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

በፊልም የሚሠራ ካሜራ ብርሃንን የሚያስገባው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ሲሆን እንደ ዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠባል። 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 ተብለው የተጻፉት ቁጥሮች ልኩን ያመለክታሉ፤ ቁጥሩ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው መዝጊያው ነው፤ 125 ማለት በሩ ለሴኮንድ 125ኛ ክፍል ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል ማለት ነው። ፊልሙም የራሱ ፍላጎት አለው፤ 100 የተባለው ፊልም 400 ከተባለው አራት እጥፍ ብርሃን ይሻል።

ከወልዲያ በስተደቡብ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ በጠራራ ፀሐይ 100 ፊልም የያዘ ሰው ቀዳዳውን 16፣ መዝጊያውን 125 ላይ ቢያደርግ ይበቃዋል። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ለማንሣት ሲሻ ግን ቀዳዳውን እስከ 5.6 መክፈት ያስፈልገው ይሆናል፤ ይኸውም ብርሃኑን ስምንት እጥፍ ማድረግ ነው።

ብርሃን መለኪያ ያለው ካሜራስ ስለምን ይሳሳታል ቢሉ፣ መለኪያው የሚያየውን ሁሉ ከመቶ 18 እጅ ገደማ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት ነው። ነጭ ጋቢ የሞላበትን ስፍራ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊትም ይጨልማል። ስለዚህ የመለኪያውን ጥፋት በመልካችን ላይ ማላከክ አይገባም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀረብ ብሎ ፊቱን ብቻ ለክቶ፣ ቁጥሩን ሳይለውጡ ወደ ቦታ ተመልሶ ማንሣት ነው። መቅረብ ካልተቻለ የራስን መዳፍ በዚያው ዓይነት ብርሃን ለክቶ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ መክፈት ይረዳል። ኔጌቲቭ ፊልም ከብርሃን ማነስ ይልቅ የብርሃን መብዛትን ይታገሣል፤ ፊልሙ ያልተቀበለውን ፊት ግን በጨለማ ክፍል የሚያጥብ ባለሙያ ሊፈጥረው አይችልም።

ዛሬ ብዙው ሰው በስልክ ቢያነሣም ደንቡ አልተሻረም። በብዙዎቹ ስልኮች በመስተዋቱ ላይ ፊቱን በጣት መንካት ልኩን ከፊቱ ያስወስዳል።

እንግዲህ በየወረዳው ለሥራ የምትዘዋወሩና የወላጆቻችሁን መልክ ለልጆቻችሁ ለማቆየት የምትሹ ሁሉ፣ ከማንሣታችሁ በፊት ፊቱን ለኩ። ልብስ በሌላ ዓመት ይለበሳል፤ የሰው መልክ ግን ባመለጠበት ይቀራልና።