ከሁለተኛ ደረጃ ሳይወጡ የኮሌጅ ክሬዲት

አቅራቢ፦ የአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቁት «ራኒንግ ስታርት» የተባለ መርሐ ግብር፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ በማኅበረሰብ ኮሌጆች፣ ማለትም በአመዛኙ የሁለት ዓመት ትምህርት በሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት፣ ገብተው እንዲማሩ የሚፈቅድ ሲሆን፣ አንዱ ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም በኮሌጁም ዘንድ ይቆጠራል። ክሬዲት የሚባለው ተማሪው ኮርሱን ሲያልፍ የሚያዝለትና ለምረቃ የሚደመርለት መለኪያ ነው፤ በሩብ ዓመት የሚሰላ 5 የኮሌጅ ክሬዲት ከ1 የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ጋር ይስተካከላል። በዚህ መንገድ የሚተጋ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመረቅ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪም አብሮ ሊይዝ ይችላል።

የትምህርት ክፍያ የለም፤ መጽሐፍና መጓጓዣ ግን በአብዛኛው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ስለሚወድቁ፣ ነፃ ነው መባሉ ከፊል እውነት ነው።

ከራኒንግ ስታርት የሚለየው «አድቫንስድ ፕሌስመንት» ተማሪው እዚያው ትምህርት ቤቱ ተምሮ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ በሚሰጥበት የዓመት መጨረሻ ፈተና የሚመዘንበት ሥርዓት ነው። ዩኒቨርሲቲ መግባት በዋናነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሚወሰንበት ሀገር ላደጉ የሲያትል ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ይህ ሁለተኛው ሳይቀርባቸው አይቀርም።

በራኒንግ ስታርት የተገኘ ውጤት ግን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በኮሌጁ ቋሚ የትምህርት ማስረጃ ላይ ስለሚሰፍር፣ በ16 ዓመት ዕድሜ የተመዘገበ ውድቀት ተማሪው ኋላ ለሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ይታያል፤ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎችም ክሬዲቱን ስለማይቀበሉ፣ የታሰበውን ተቋም ደንብ ከምዝገባ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።