የተጨነቀ ሕፃን ለምን ይረሳል?
(ለረጂዎችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)





ስለ የቲም ትምህርት ስንነጋገር ደብተር፣ ዩኒፎርምና የወር ድጎማ ይቀድሙብናል። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ዛሬ የምናነሣው ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ትናንት ያጠናውን ዛሬ ስለማያስታውስ ልጅ ነው። በመድረሳ የሐፈዘው ሱራ ይጠፋበታል፤ በትምህርት ቤት የብዜት ሠንጠረዥ አይያዝለትም። እኛም «ሰነፍ» ብለን እናልፈዋለን።

የላስታን ልጆች እናስብ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት ተከተለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ተሸበረ። በእንግዳ የሚተዳደር ከተማ እንግዳ ሲርቀው የብዙ ቤት ምድጃ ቀዘቀዘ። በዚያ ወቅት አባቱን ያጣ ሕፃን ዛሬም በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሰው ሲደነግጥ አካሉ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይጠቅማል፤ ከአደጋ ለመሸሽ ኃይል ይሰጣል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ማክዩን እ.ኤ.አ. በ1968 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ይህን መሰሉ ሆርሞን ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል እንደሚያርፍ አሳይተዋል። አዲስ ትምህርት የሚመዘገበው በዚህ ክፍል ነው። ጭንቀቱ ለወራት ሲዘልቅ የክፍሉ ሥራ እንደሚዳከም፣ ፍርሃትን የሚይዘው ሌላው ክፍል ግን እንደሚበረታ በኋላ ታውቋል። ስለዚህ ልጁ የተኩሱን ቀን ከነሰዓቱ እያስታወሰ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለውን ልጅ በአለንጋ ማስጠናት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ታዲያ ምን ይረዳዋል? በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በማሳደጊያ ተቋማት ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። እነዚህ በአእምሮ ችሎታ ፈተና በተቋም ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) እናታቸው ሲሞቱ በአያታቸው፣ አያታቸው ሲሞቱ በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ ቤት ነበር ያደጉት።

እኛ ግን አንዳንዴ የቲሙን ሁለት ወር አክስት ዘንድ፣ ሦስት ወር አጎት ዘንድ እናዟዙረዋለን። ወጪ ለመካፈል ነው፤ ችግሩ ይገባናል። ሆኖም ወጪው ይዙር እንጂ ልጁ በአንድ ቤት ይቀመጥ። የተጠናው የሚጸናው በእንቅልፍ ነውና በጊዜ ይተኛ። ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ፣ ሳይቆጡ፣ ደጋግሞ ማሰማት ይሻለዋል።

ረጂዎቻችንም የልጁን የፈተና ውጤት ስትጠይቁን፣ ማን ዘንድ እንደሚያድርና ሌሊት እንቅልፍ እንደሚወስደው አብራችሁ ጠይቁን።