ከአቀስታ እስከ ዓባይ ቆላ፦ በማኅበሩ ፒካፕ አራት ቀን
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ቁጥር ይጠብቃል። ቁጥሩ ተባዝቶ በእጃችሁ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ነው። ከዚያ በፊት ግን የማምነው ጥፋት አለኝ። በቆላው በኩል ያሉትን ስድስት የቁጠባ ቡድኖች እንድንተዋቸው ለሥራ አመራር ኮሚቴው ማስታወሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነሱን ለመጎብኘት የሚወጣው የናፍታና የአበል ወጪ ከሚያስገኙት የብድር ወለድ ይበልጣል ብዬ ነበር። በወረቀት ላይ ስህተት አልነበረበትም። ኮሚቴው ግን “መጀመሪያ ሄደሽ እዪ” አለኝ። በዚያው ሰሞን ሾፌራችን ወገቡን ታሞ ተኛ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከአቀስታ ደሴ ካለው መንገድ ወጥቼ ግን ነድቼ አላውቅም ነበር።

መኪናችንን ታውቋታላችሁ። ያገለገለች ቶዮታ ሂሉክስ ናት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ምንም ያልተጨመረባት። በሌላው ዓለም ሰዎች ለመዝናናት ብለው አስቸጋሪ መንገድ ፈልገው ይነዳሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ካኒንግ የሚባለው የጥንት የከብት መንጃ መንገድ 1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ ነው፤ ወደዚያ የሚሄዱት መኪናቸውን ከፍ አስደርገው፣ መጎተቻ ገመድና ትርፍ የነዳጅ ታንክ አስገጥመው ነው። እኛ ዘንድ ያ መንገድ የገበያ መንገድ ነው፤ ማንም መኪናውን ለሱ ብሎ አያስጌጥም።

ሾፌራችንን አልጋው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። የነገረኝን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ከእናንተም መንዳት የምትማር ትኖራለች። “ቁልቁለት ላይ በፍሬን አትመኚ። ፍሬን ከጋለ አይዝም። ከመውረድሽ በፊት ፎርዊል አስገቢና በከባዱ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝሽ አድርጊ። ዋልካ ላይ አትቁሚ፤ ከቆምሽ ደግሞ ጎማውን ደጋግመሽ አታሽከርክሪ፣ ራስሽን ነው የምትቀብሪው። ወንዝ ስትደርሺ መጀመሪያ በእግርሽ ተሻገሪው፣ በዱላ እየለካሽ።” ለዳገቱ ደግሞ አትናደጂ አለኝ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አሥር ያህል ይቀንሳል። ጉጉፍቱ ላይ መኪናው የሚያቃስተው ለካ ሰንፎ አይደለም።

እስከ መካነ ሰላም ድረስ የሚወራ ነገር የለም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ስንጀምር ግን እጄ መሪው ላይ ደረቀ። አብረውኝ የተቀመጡት የቡድኖቹ አስተባባሪ እትዬ ስንወርድ ሁሉ “አብሽሪ” ይሉኛል፤ ዘወር ስል ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጠዋት በጋቢና ነበርን፣ እኩለ ቀን ላይ ነጠላውም ከበደን። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን እንዲህ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ከኛ በስተ ሰሜን፣ ተንታ ላይ፣ መቅደላ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር መሆኑ ነው። መንገዱን እየጠረቡ ነበር የሚሄዱት፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን እሳቸው ሞቱ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ እሳቸው ባስጠረቡት መንገድ ተጠቅሟል። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ሳስበው ይቆጨኛል፤ ወጪውን ያወጣው አንዱ፣ የተጠቀመበት ሌላው።

ይህን ያነሣሁት በሦስተኛው ቀን ስላየሁት ነገር ነው። ወደ መጨረሻው ቡድን ስንሄድ ጎርፍ መንገዱን በልቶት ነበር፣ ወይም እንደዚያ ተብሎ ተነግሮን ነበር። ስንደርስ ቦይው በድንጋይ ተሞልቷል፤ ጎማ የሚያርፍባቸው ሁለት መስመሮች በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፈዋል። የቡድኑ ሴቶች መኪና ይመጣል ሲባል ሰምተው ሁለት ቀን ድንጋይ ሲሸከሙ ሰንብተዋል፤ አንዷ ያረገዘች ናት። እኔ መተዋቸውን ጽፌ የመጣሁ ሰው ነኝ። ከጋቢናው መውረድ አፈርኩ።

ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ቁልፍ ያዦች መጥተው ነበር። መዝገቡ ግን ባዶ ነው። መጻፍ የምትችለው ልጅ ተድራ ወደ ሌላ ቀበሌ ከሄደች አምስት ወሯ። “ታዲያ እንዴት ታውቃላችሁ?” አልኩ። አንዲት እናት ጨርቅ ፈቱ፤ በየአባሏ ትንሽ ቋጠሮ፣ በየቋጠሮው የማሽላ ፍሬ፣ አንድ ፍሬ ለአንድ ሳምንት መዋጮ። ተቀምጬ ፍሬውን ቆጠርኩ፣ ገንዘቡን ቆጠርኩ። በሃያ ብር ተለያየ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሃያ ብር ትርፍ። እናትየው ሳቁና “እሱማ የአርፋጅ ቅጣት ነው፣ ለቅጣት ፍሬ አንይዝም” አሉኝ። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ቡድኖች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከምናስጎበኛቸው፣ ሂሳቡ እንዲህ የገጠመልኝ ጥቂት ነው። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም።

ስንመለስ ዘነበ። ዋልካው ውስጥ ገባን፣ የተነገረኝንም ሁሉ ረስቼ ጎማውን አሽከረከርኩ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ እንዳለብኝ ያሳየኝ የአሥር ዓመት እረኛ ነው። ከጎማው ጥቂት ነፋስ አስተነፈስን፣ ቅጠልና ድንጋይ ነሰነስን፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጣን። ነፋሱን መልሰን የምንሞላበት ፓምፕ ግን አልነበረንም፤ መካነ ሰላም ድረስ በለሰለሰ ጎማ እየተንፏቀቅን ሄድን። ያ የኔ ጥፋት ነው፣ የመኪናዋ አይደለም።

ስለዚህ ማስታወሻዬን አንሥቻለሁ። የስድስቱ ቡድኖች ወጪ አሁንም ከወለዳቸው ይበልጣል፤ ቁጥሩን አልደበቅሁም፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። ነገር ግን የሁለት ቀን የድንጋይ ሥራ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አላውቅም ነበር፤ ዘንድሮ “የአባላት የጉልበት መዋጮ” ብዬ ዓምድ ከፍቻለሁ፤ የእናንተም ቀበሌ ካለው ንገሩኝ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ልበል። አዲስ መኪና ልትገዙልን ማሰባችሁን ሰምተናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የኛ መኪና ግን ትሄዳለች። የሚያስፈልጉን አራት የጭቃ ጎማ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ፣ የሁለት ሴቶች የመንጃ ፈቃድ ክፍያ፣ በየቡድኑም መዝገብ የሚይዙ ሁለት ሁለት ልጆች የሚሠለጥኑበት ነው፤ አንዷ ብታገባ ሌላዋ ትኖራለች። ዋጋው በመጨረሻው ገጽ አለ። ጎማው ክረምት ሳይገባ ቢደርስ ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ እንወርዳለን፤ ለእናትየው አዲስ መዝገብ እንደማመጣ ቃል ገብቻለሁ፤ የማሽላውን ቋጠሮ ግን እንዳይጥሉት ነግሬያቸዋለሁ።