የሰንጢ መጋዝና የባለ ጉጠት መሣሪያ መጋዝ



በዱር ወይም በተራራ ላይ ለማደር የሚነሣ መንገደኛ መጥረቢያ መሸከም ባይመቸው፣ ትንሽ መጋዝ ያለበት መሣሪያ በኪሱ ቢይዝ ይበጀዋል። ዛሬ የምናነጻጽረው የታወቁትን ሁለቱን ዓይነቶች ነው፤ ይኸውም የስዊስን ሰንጢና የአሜሪካንን ባለ ጉጠት መሣሪያ ነው።

ስዊሳዊው ካርል ኤልዜነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ሥራውን ጀምሮ፣ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ አቀረበ። ድርጅቱም ዛሬ ቪክቶሪኖክስ ይባላል። የስዊስ ጦር በ2008 በመረጠው ሰንጢ ላይ የእንጨት መጋዝ ይገኛል። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ደግሞ በ1975 በአውሮፓ ሲጓዝ መኪናው እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ ጉጠት ያለበት የኪስ መሣሪያ ለመሥራት አሰበ፤ በ1983ም ድርጅቱን አቋቋመ።

በመቁረጥ በኩል ሁለቱ እጅግ አይራራቁም። የመጋዞቹ ርዝመት የመዳፍ ወርድ ያህል ነው። ልዩነታቸው በክብደትና በአያያዝ ነው። መጋዝ ያለበት መካከለኛ የስዊስ ሰንጢ 100 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ዌቭ የሚባለው የሌዘርማን መሣሪያ 240 ግራም ያህል ይመዝናል። ነገር ግን የዌቭ መጋዝ ሲዘረጋ ይቆለፋል፤ የመካከለኛው ሰንጢ መጋዝ ግን ስለማይቆለፍ፣ ያለ አግባብ ቢገፉት ታጥፎ ጣትን ይቆርጣል። ከሐኪም ርቆ ለሚገኝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጋዙም ዐቅም መታወቅ አለበት። 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መጋዝ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ሲቆርጥ፣ ለመመላለስ 5 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። እንጨቱ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን የሚተርፈው 2 ብቻ ነውና፣ ሰጋቱራው ከጥርሶቹ መካከል ሳይወጣ ይቀራል፤ ሥራውም ድካም ብቻ ይሆናል። በሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመን እንጨት ከመሐሉ ከላይ ቢቆርጡት፣ እንጨቱ ጎብጦ መጋዙን ይነክሰዋል። ስለዚህ የሚቆረጠውን ጫፍ ከድንጋዩ አሳልፎ በአየር ላይ ማውጣት ይሻላል፤ በክብደቱ ቁርጡን ይከፍተዋልና።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ችኮላ በዚህም ሥራ ጎጂ ነው። እጅን አሳርፎ ሳይጫኑ መሳብ፣ ሌላውንም እጅ ከመጋዙ መንገድ ማራቅ ይገባል። ከሥራ በኋላ ሙጫውን ጠርጎ ማድረቅና በማጠፊያው ላይ ጥቂት ዘይት ማንጠብጠብ አይረሳ።

እንግዲህ ብዙ በእግር የሚሄድና ጥቂት የሚቆርጥ ሰው ሰንጢውን ይምረጥ፤ መኪና የሚነዳ፣ ሽቦና ብሎንም የሚፈታ ባለ ጉጠቱን ይያዝ። ሁለቱም ግን ለደረቀ እንጨት ናቸው፤ የቆመን ለምለም ዛፍ ለአንድ ሌሊት እሳት ብሎ መቁረጥ ከአስተዋይ ሰው አይጠበቅም።