ባርነትን ከልክላ የተመሠረተችው ጆርጂያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ አባሎች የተሰጠ ንግግር)



የክበባችን አባሎች ለዛሬ የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ሩቅ ይመስላል። የምንናገረው በሰሜን አሜሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ስለምትገኘው ስለ ጆርጂያ አመሠራረት ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለችም። በዋና ከተማዋ በአትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከመካከላችንም በዚያ ዘመድ ያለው ይገኛል። ዘመድ የሚኖርበትን አገር ታሪክ ማወቅ ደግሞ መልካም ነው።

ርእሱን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጆርጂያ ባርነት ሥር የሰደደባት አገር እንደ ነበረች በትምህርታችን ሰምተናል። አስቀድሞ ግን ባርነት በሕግ የተከለከለባት አገር መሆንዋን የተረዳነው ለዚህ ንግግር ስናነብ ነው። ታዲያ ያ ሕግ ለምን ወጣ? ስለ ምንስ ፈረሰ? ይህን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ አድማጮቻችን ይህን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

በእንግሊዝ አገር ጀምስ ኦግልቶርፕ የሚባል የፓርላማ አባል ነበረ። አንድ ወዳጁ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ታስሮ ሳለ በወህኒ ቤት በፈንጣጣ ሞተ። ኦግልቶርፕ በዚህ ነገር እጅግ አዝኖ በ1729 የእስር ቤቶችን ሁኔታ የሚመረምር የፓርላማ ኮሚቴ መሪ ሆነ። ከዚያም ከወዳጆቹ ጋራ ሆኖ፥ በአገራቸው ኑሮ የከበዳቸው ድኾች ሠርተው የሚኖሩበት አዲስ አገር በአሜሪካ ለማቅናት አሰበ። ንጉሡ ዳግማዊ ጆርጅ በ1732 ፈቃዱን በቻርተር ሰጠ፤ አገሪቱም በስሙ ጆርጂያ ተባለች። ይህ ስም እኛ ጊዮርጊስ የምንለው ነው። አገሪቱን ለ21 ዓመት እንዲያስተዳድሩ ባለአደራዎች ተሾሙ። ባለአደራዎቹ በዚያ መሬት እንዳይዙ፥ ደመወዝም እንዳይቀበሉ ተወሰነ። በማኅተማቸውም ላይ የሐር ትል ተቀርጾ፥ «ለሌሎች እንጂ ለራስ አይደለም» የሚል የላቲን ቃል ተጽፎበት ነበር።

በ1732 ኖቬምበር ወር አን የተባለች መርከብ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን አሳፍራ ከእንግሊዝ ተነሣች። ሰዎቹ በፌብሩዋሪ 1733 በሳቫና ወንዝ ዳር ባለው ከፍተኛ ቦታ ሰፈሩ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ ያማክሮ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ይኖሩበት ነበር። አለቃቸው ቶሞቺቺ ከኦግልቶርፕ ጋራ ተስማማ። በመካከላቸው ቃል የምታስተረጕመው ሜሪ ማስግሮቭ ነበረች፤ እናትዋ ከክሪክ ወገን፥ አባትዋ እንግሊዛዊ ነበሩ። የሳቫና ከተማ የተቈረቈረችው በዚህ ስምምነት ነው።

ባለአደራዎቹ ሀብታም በድኻው ላይ እንዳይሠለጥን ጠንካራ ሕጎች አወጡ። በርዳታ ተሳፍሮ የመጣ ሰው 50 ኤከር መሬት፥ በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ ያህል ይሰጠዋል። በገንዘቡ የመጣውም ቢሆን ከ500 ኤከር፥ ማለት ከአምስት ጋሻ በላይ ሊይዝ አይችልም። ሩም የሚባለው የሸንኮራ አረቄ ተከለከለ። በ1735 ደግሞ ባሪያ ማስገባትና መያዝ ክልክል እንዲሆን ተደነገገ። በኋላ አሜሪካን ከመሠረቱት 13 ቅኝ ግዛቶች መካከል በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ የነበራት ጆርጂያ ብቻ ነበረች።

ስለ ምን ከለከሉ? ነገሩ የሚገለጠው ጎረቤቶችዋን ስናይ ነው። በሰሜን በኩል ከሳቫና ወንዝ ማዶ ደቡብ ካሮላይና ነበረች። በዚያ ሩዝ የሚያለሙት ባሮች በቍጥር ከነጮቹ ይበልጡ ነበር። በደቡብ በኩል ያለችው ፍሎሪዳ የእስፓኝ ይዞታ ነበረች፤ የእስፓኝም ንጉሥ ከእንግሊዞች ለሚሸሹ ባሮች ነጻነት እንደሚሰጥ በ1693 አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ባለአደራዎቹ፥ ባሪያ ካስገባን ወደ ጠላት ይሸሽብናል፥ ወይም በጦርነት ጊዜ ይነሣብናል ብለው ፈሩ። ሁለተኛም፥ ባሪያ ያለው ሰው በገዛ እጁ መሥራትን ይንቃል፥ ድኻውም ሥራ ያጣል ብለው አሰቡ።

እነዚህ ምክንያቶች ማስተዋል ያለባቸው ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሏቸዋል፤ ዋናው ጭንቀታቸው ስለ ጌታው እንጂ ስለ ባሪያው አልነበረም። ኦግልቶርፕ ራሱ በ1732 በባሪያ ንግድ የታወቀው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ምክትል ገዥ ነበረ። ሳቫና በምትሠራበት በመጀመሪያው ዓመትም ከካሮላይና በውሰት የመጡ ባሮች ጣውላ ሲሰነጥቁ ነበር፤ ኋላ ግን ሠፋሪዎቹ ይሰንፋሉ ብሎ መለሳቸው።

ብዙ ሳይቈይ ማጕረምረም ተጀመረ። ሠፋሪዎቹ ከወንዙ ማዶ የጎረቤቶቻቸውን ሀብት እያዩ ቀኑ። ሙቀቱ በዛብን፥ ያለ ባሪያ ከካሮላይና ጋራ መወዳደር አንችልም፥ መሬቱም ይጨመርልን እያሉ አቤቱታ ጻፉ። አንዳንዶቹም አቤቱታውን ይዘው እስከ ለንደን ድረስ ተከራከሩ። ሌሎች ደግሞ ባሪያ ገዛን ሳይሆን ተከራየን እያሉ፥ የሰውየውን ሙሉ ዋጋ ከፍለው ለዕድሜ ልክ «ይከራዩት» ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደ ተባለው፥ ትልቁ ነገር የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ታላቁ ሰባኪ ጆርጅ ኋይትፊልድ እንኳ፥ በሳቫና አጠገብ ላቋቋመው የሙት ልጆች ቤት ገቢ ለማግኘት ሲል ባርነት እንዲፈቀድ ከሚወተውቱት አንዱ ሆነ።

ሁሉም ግን አንድ ሐሳብ አልነበሩም። ስለ ሃይማኖታቸው ከሳልዝቡርግ ተሰድደው በኤቤኔዘር የሰፈሩት ጀርመኖች በገዛ እጃቸው እያረሱ፥ ባርነት አያስፈልግም ብለው መሰከሩ። ዳርየን በተባለው መንደር የሰፈሩ 18 ስኮትላንዳውያንም በጃንዋሪ 1739 ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈረሙ። በጽሑፋቸው ስለ እስፓኞች ቅርበትና ባሪያ መግዛት ስለሚያመጣው ዕዳ ተናገሩ። ከዚያ በላይ ግን ሌላው ያላለውን አሉ። ማንኛውም የሰው ወገን ከነዘሩ ለዘለዓለም በባርነት እንዲኖር መፍረድ ለሰው ልጅ የሚዘገንን ነገር መሆኑን፥ ይህም በደል አንድ ቀን በደም እንደሚመለስ ጻፉ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ባሪያው ሰው መሆኑን በግልጽ ካነሡት ጥቂቶች መካከል እነዚህ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በደቡብ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ባሮች ተነሥተው ወደ ፍሎሪዳ ለመሄድ ተዋጉ። ባለአደራዎቹ ፍርሃታችን እውነት ነበረ አሉ፤ ሕጉም ለጥቂት ጊዜ ጸና። ነገር ግን በ1742 የኦግልቶርፕ ወታደሮች በሴንት ሳይመንስ ደሴት እስፓኞችን ድል አደረጉ። በሚከተለው ዓመት ኦግልቶርፕ ወደ እንግሊዝ ሄዶ አልተመለሰም። የእስፓኝ ፍርሃት ሲርቅ ሕጉ የቆመበት ምሰሶ አብሮ ተነቀለ። ባለአደራዎቹ በመጨረሻ ተሸነፉ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1751 ጀምሮ ባሪያ መያዝ ተፈቀደ። ለአራት ባሮች አንድ ነጭ ሠራተኛ ይኑር፥ በእሑድ ቀን አይሥሩ የሚል ግዴታ ተጨምሮበት ነበር። በ1752 ግን ባለአደራዎቹ አገሪቱን ለንጉሡ አስረከቡ፤ በ1755 ደግሞ የደቡብ ካሮላይናን አርኣያ የተከተለ ጨካኝ የባሮች ሕግ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቍጥር ይናገራል። በ1750 ከ500 የማይበልጡት ባሮች በ1775 ወደ 18,000 ደረሱ። የካሮላይና ባለጠጎች ባሮቻቸውን እየነዱ መጥተው በባሕሩ ዳር ያለውን ረግረግ ያዙ። ግማሽ ጋሻ ይዞ በእጁ የሚሠራው ድኻ ወደ ኋላ ቀረ። ሩዝ ከሚዘራበት ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ሰዎች ዕውቀታቸውንና ጕልበታቸውን ሰጥተው መስኩን አለሙ፤ ፍሬውን ግን ሌላ በላው። የእነርሱ ልጆች ቋንቋና ባህል በጆርጂያ ደሴቶች እስከ ዛሬ አለ።

በ1776 የነጻነት መግለጫ ሲወጣ ሦስት የጆርጂያ መልእክተኞች ፈረሙ። ቶማስ ጄፈርሰን በረቂቁ ውስጥ የባሪያ ንግድን የሚነቅፍ ቃል አስገብቶ ነበር፤ ደቡብ ካሮላይናንና ጆርጂያን ላለማስቀየም እንደ ተሰረዘ እርሱ ራሱ ጽፏል። ጆርጂያ በጃንዋሪ 2 ቀን 1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አጽድቃ አራተኛዋ ስቴት ሆነች። በዚያም ሕገ መንግሥት መሠረት የባሪያ ንግድ እስከ 1808 እንዳይከለከል ተወሰነ። በዚያው በጃንዋሪ ወር በሳቫና ከተማ፥ ስለ ስብከቱ የተገረፈው ባሪያ አንድሩ ብራየን ቄስ ተብሎ የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። አንዱ ወገን ስለ ነጻነት ሲፈርም፥ ሌላው ወገን ነጻነትን በጸሎት ይፈልግ ነበር።

በ1793 በሳቫና አጠገብ ባለ እርሻ ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ መኪና ሠራ። እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ ያየን ሁሉ ፍሬውን ከጥጡ መለየት ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን። መኪናው ድካሙን አቀለለ፤ ጥጡን ለሚዘራውና ለሚለቅመው ባሪያ ግን ቀንበሩን አከበደበት፤ ጥጥ ትርፍ ስላመጣ እርሻው እጅግ ሰፍቷልና። በ1860 በጆርጂያ የነበሩት ባሮች 462,198 ነበሩ። በሚከተለው ዓመት ጆርጂያ ከኅብረቱ ወጣች፤ ጦርነትም ሆነ። የዳርየን ሰዎች እንደ ፈሩት በደሉ በደም ተመለሰ። በዲሴምበር 6 ቀን 1865 ባርነትን የሚሽረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለማጽደቅ የሚያስፈልገው 27ኛ ስቴት ድምፅ ተገኘ። ያን ድምፅ የሰጠችው ጆርጂያ ናት።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ይህን የተናገርነው በሌላ አገር ሰው ለመፍረድ አይደለም። ባርነት በአገራችንም እንደ ነበረ፥ ፈጽሞ በሕግ የተሻረውም በ1942 መሆኑን እናውቃለን። ከዚህ ታሪክ የተማርነው ግን አንድ ነገር ነው። የጆርጂያ የመጀመሪያ ሕግ መልካም ነበረ፤ የቆመው ግን በፍርሃትና በጥቅም ላይ ነበረ። ፍርሃቱ ሲጠፋና ጥቅሙ ሲዞር ሕጉ ወደቀ። የዳርየን ሰዎች የተናገሩት ምክንያት ግን ጦርነት ቢኖርም ባይኖርም፥ ትርፍ ቢገኝም ባይገኝም የማይለወጥ ነበረ። ያሳዝናል፤ ከዳርየን ቤተ ሰቦች መካከል እንኳ በኋላ ባለባሪያ የሆኑ ተገኝተዋል። ቃሉን መጻፍ ቀላል ነበረ፤ ጎረቤት ሲበለጽግ እያዩ በቃል መጽናት ግን ከባድ ሆነ።

እኛም ተማሪዎች የትምህርት ቤታችንን ደንብ የምናከብረው መምህር ስላየን ብቻ ከሆነ፥ መምህሩ ፊቱን ያዞረ ቀን ደንቡ ይፈርሳል። ደካማውን ጓደኛችንን የማንበድለው ቅጣት ፈርተን ሳይሆን እርሱም እንደኛ ሰው ስለ ሆነ ሊሆን ይገባል። ይህን ይዘን ከወጣን ትምህርት ቤታችን የደከመብን በከንቱ አይሆንም።