ክረምትና የገበሬው ሃይማኖት



ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። በመጀመሪያውም ክፍል በቅዱስ ያሬድ ዜማ ስለ ዘርና ስለ ደመና ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ሰው ግን ጭቃውንና ጉሙን፥ የሞላውንም ወንዝ እያየ ክረምትን የመከራ ወራት ብቻ ያደርገዋል። ይህ ሰሙን ይዞ ወርቁን መተው ነው።

ገበሬውን ተመልከቱ። በሐምሌ ጎተራው ጎድሎ ልጆቹ ሲራቡ፥ ለዘር ያኖረውን ጤፍ አስፈጭቶ ሊያበላቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከጭቃው ላይ ይበትነዋል። ያላየውን መከር አምኖ በእጁ ያለውን ይሰጣል፤ ሃይማኖትም ይህ ነው። እርሱ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር ዝናሙን አዝንሞ ዘሩን ያበቅለዋል፤ ጭቃ የነበረው እርሻም በመስከረም ለምልሞ፥ ዳሩ በአደይ አበባ ተሸልሞ ይታያል። የተቀበረው እንደሚነሣ ምድር በየዓመቱ ትመሰክራለች።

በነሐሴ ያለው አንዱ ክፍል ዐይነ ኵሉ ይባላል፤ የፍጥረት ሁሉ ዓይን እግዚአብሔርን ተስፋ ያደርጋልና። ስለዚህ ጾመ ፍልሰታን የምትጾሙ ሁሉ፥ ጎተራው ባዶ የሆነውን ጎረቤት አስቡ። በደመና እጅ ዝናምን የሚሰጥ አምላክ፥ በሰው እጅ ደግሞ እንጀራን ይሰጣልና።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።